ውሃው በየት ይወጣል? ስለ ቆሽ ቴፓ ካናል የተነሳ ክርክር

ባለፈው ሳምንት ስለ እርሻና መስኖ በምንወያይበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ቢመልስልኝ ይበቃኛል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የመልሶቹ ክር ረዝሟል። በአራት ቀን ውስጥ 34 መልስ ተጻፈበት። ብዙ ተምሬበታለሁ፤ ተወቅሼበታለሁም። ሰዎቹ ያሉትን በራሴ አነጋገር፣ በተራ ቁጥራቸው ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ጽሑፍ

ጥያቄዬ ከአፍጋኒስታን ነው የተነሳው። በአገሪቱ ሰሜን ቆሽ ቴፓ የሚባል ካናል እየተቆፈረ ነው። ርዝመቱ 285 ኪሎ ሜትር ነው። ስፋቱ 100 ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ 8 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ውሃውን ከአሙ ዳሪያ ወንዝ ይቀዳና በባልክ፣ በጆውዝጃንና በፋርያብ ያለውን ደረቅ ሜዳ ያቋርጣል። የታሰበው 550,000 ሄክታር መሬት ለማልማት ነው። ቁፋሮው በ2022 ማርች ወር ተጀመረ። ወጪው ከውጭ ብድር ሳይሆን ከአገር ውስጥ ገቢ እንደሚሸፈን ባለሥልጣኖቹ ይናገራሉ።

ቪዲዮውን ሳይ ልቤ ተነካ። ድርቅን የሚያውቅ ሰው አሸዋ መሀል ውሃ ሲፈስ አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል። እናም ጠየቅሁ። እነሱ በዚያ ሁሉ ማዕቀብ ውስጥ ሆነው ይህን ከቻሉ እኛ አፋር ላይ፣ ሶማሌ ክልል ላይ ምን ያቅተናል? ጽሑፌን ስጨርስ ደግሞ፣ ውሃ እስካለ ድረስ በረሃ ማለት ገና ያልታረሰ ባዶ መሬት ነው አልኩ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት በኋላ ያስወቀሰችኝ።

ከ1 እስከ 6

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልሶች የድጋፍ ነበሩ። 1ኛው ሰው ቪዲዮውን እሱም ደጋግሞ እንዳየው ነገረኝ። 2ኛው የአዋሽን ውሃ ቆመን የምናየው እስከ መቼ ነው የሚል ቁጭት ጻፈ። 3ኛዋ የበጋ መስኖ ስንዴን አነሳች። መንገዱ ተጀምሯልና ተስፋ አትቁረጥ ለማለት ነው።

4ኛው ላይ ነገሩ ከበድ አለ። ጸሐፊው የመስኖ መሐንዲስ ነው። በጣም ትሑት ሰው ነው፤ መጀመሪያ ስለ ጥያቄው አመሰገነኝ። ከዚያ ቪዲዮውን እንደገና እንዳየውና ውሃውን ትቼ የቦዩን ዳርቻ እንድመለከት ጠየቀኝ። አየሁት። ዳርና ዳሩ አሸዋ ነው። ኮንክሪት የለውም። በአሸዋ ላይ የሚሄድ ውሃ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እንደሚሄድ አስረዳኝ። በ2023 ዲሴምበር ውሃው ከቦዩ ወጥቶ ሜዳው ላይ እንደተኛ በሳተላይት ፎቶ መታየቱንም ጨመረ።

ስለ ተዳፋት የነገረን አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም። ትልቅ የአፈር ቦይ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚወርደው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ተዳፋቱ ከበዛ ውሃው የራሱን ወለል እየቦረቦረ ይሄዳል። ካነሰ ደግሞ የያዘውን ደለል እዚያው ያራግፋል። አሙ ዳሪያ ደለል የሚበዛበት ወንዝ ነው። ስለዚህ ካናሉ አንዴ ተቆፍሮ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በየዓመቱ ደለል ማውጣት አለ። ማሽን፣ ነዳጅና ደመወዝ ለዘላለም ይፈልጋል።

5ኛው ሰው ታዲያ ለምን በኮንክሪት አይለብጡትም ሲል ጠየቀ። መሐንዲሱ በ6ኛው መልስ ቀላል ሒሳብ አሳየው። 100 ሜትር ስፋት በ285 ኪሎ ሜትር ሲባዛ የወለሉ ስፋት ብቻ 28 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ያልፋል። ጎንና ጎኑ ገና አልተቆጠረም።

ከ7 እስከ 12

በ7ኛው መልስ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ገቡ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። በዚያው ወንዝ ላይ ከዚህ በፊት የሆነውን ተረኩልን። ሶቪየቶች በ1954 ካራኩም የተባለውን ካናል መቆፈር ጀመሩ። በ1962 የቱርክመኒስታን ዋና ከተማ አሽጋባት ደረሰ። በኋላም እየተቀጠለ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ረዘመ። በረሃው በእውነት ለምቷል፤ ጋሼ ይህን አልካዱም። ቱርክመኒስታን ጥጥ የምታመርተው በዚያ ውሃ ነው።

ግን አሙ ዳሪያ ቀድሞ የሚፈስስበት ቦታ ነበረው። አራል ባህር ነው። በ1960 የአራል ስፋት 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከጣና ጋር ብናስተያየው ከ20 እጥፍ በላይ ይሆናል። አሙ ዳሪያና ወደ አራል የሚፈስሰው ሌላው ወንዝ ሲር ዳሪያ ለጥጥ ሲቀዱ ባህሩ መሸሽ ጀመረ። በ2007 ከቀድሞው ስፋት የቀረው አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። ሞይናቅ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ነበረች። ዛሬ መርከቦቿ አሸዋ ላይ ተጋድመዋል። ከደረቀው ወለል የሚነሳው ጨዋማ አቧራ ደግሞ የሰው ሳንባ ውስጥና የእርሻ ማሳ ላይ ያርፋል። ጋሼ ይህን ሲጽፉ ድምፃቸው የሚሰማ ይመስል ነበር።

8ኛው ሰው ግን ተቆጣ። አራልን ያደረቁት አፍጋኖች አለመሆናቸውን ጻፈ። ከወንዙ ዳር የሚኖር ሕዝብ ሌሎች 60 ዓመት ሲጠጡ ከኖሩ በኋላ አንተ አትንካ መባሉ ምን ፍትሕ አለው ሲል ጠየቀ። በ1992 የመካከለኛው እስያ አገሮች በወንዞቻቸው ውሃ ላይ ሲስማሙ አፍጋኒስታን በጠረጴዛው ዙሪያ እንዳልነበረችም አስታወሰ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነኝ። እኛ ይህን ታሪክ በደንብ እናውቀዋለን። በ1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ አልተጠራችም።

ይህ ሲነሳ ክሩ ወደ ዓባይ ሮጠ። 9ኛው፣ 10ኛውና 11ኛው ስለ ሕዳሴ ግድብ እርስ በርስ ተነካከሱ። የተባለውን እዚህ አልደግመውም፤ ሁላችንም ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። 12ኛዋ ግን መልሳ ወደ ጉዳዩ አመጣችን። ቶሽካን አነሳች። ግብፅ በ1997 ከናስር ሐይቅ ውሃ በፓምፕ አንስታ ምዕራቡን በረሃ ለማልማት ጀመረች። ኢትዮጵያም ያኔ ተቃውሞዋን አሰምታለች። የታሰበው 540,000 ፈዳን ነበር፤ አንድ ፈዳን ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል። ከብዙ ዓመት በኋላም የለማው ከታሰበው ትንሹ ነበር። አንድ የሳዑዲ ልዑል ኩባንያ የገዛውን 100,000 ፈዳን አብዛኛውን በ2011 መለሰ። ከ2014 በኋላ ሥራው እንደገና ተነቃቅቶ ዛሬ ስንዴ ይታጨድበታል። የእሷ ነጥብ፣ የውሃው መድረስና የእርሻው መቆም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ዋናው ቦይ አልቆ መጋቢ ቦይ፣ መብራት፣ መንገድና ሰው ሳይኖር ዓመታት ያልፋሉ።

13ኛው መልስ

ከሁሉም መልሶች ልቤ የቀረው እዚህ ላይ ነው። የጻፈችው መካከለኛው አዋሽ፣ ወረር አካባቢ ያደገች ሴት ናት። አባቷ አንድ የጥጥ እርሻ ውስጥ ውሃ የሚያጠጣ ሠራተኛ ነበሩ። ሌሊት ሌሊት ላምባ ይዘው ቦይ ሲከፍቱና ሲዘጉ ያድራሉ። እሷ በልጅነቷ እራት ታደርስላቸው ነበር።

ጥጡ መጀመሪያ ከሰው ቁመት በላይ ይሄድ እንደነበር ታስታውሳለች። ውሃ እንደልብ ነበር፤ ማንም አይለካውም። አባቷ ብዙ ያጠጣ ሰው ጎበዝ ይባል እንደነበር ነግረዋታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የማሳው ዝቅ ያለ ጥግ ላይ ነጭ ነገር ታየ። ልጆች ሆነው በጣታቸው እያነሱ ቀመሱት። ጨው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ነጩ ሰፋ። ጥጡ ጉልበት ላይ ሲደርስ ቅጠሉ ዳር ዳሩን እየተቃጠለ ቀረ። ሽንት ቤት ሲቆፈር ውሃው ከመሬት በታች አንድ ሜትር ላይ ብቅ አለ። ዱሮ እዚያ ውሃ ለማግኘት ብዙ መውረድ ይጠይቅ ነበር። በመጨረሻ ማሳው ተተወ። አባቷም ከሥራ ወጡ።

ለእኔ ለብቻዬ አንድ ጥያቄ አቀረበች። ስለሚገባው ውሃ ብዙ ጽፈሃል፤ የሚወጣውስ በየት በኩል ነው የሚል ነው። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ነገር አስቤ እንኳ አላውቅም ነበር።

ከ14 እስከ 18

መሐንዲሱ በ14ኛው መልስ ተመልሶ የእሷን ታሪክ በቁጥር አስረዳ። ጣፋጭ የምንለው የወንዝ ውሃ ራሱ ጨው አለው። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ቢኖር ምላስ ላይ ብዙም አይታወቅም። ግን አንድ ሄክታር ጥጥ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢጠጣ በየዓመቱ 50 ኩንታል ጨው ማሳው ላይ ይራገፋል። ተክሉ ውሃውን ይጠጣል፤ ፀሐይም ታተነዋለች። ጨውን ግን ማንም አይወስደውም። ደጋ ላይ ክረምቱ ያጥበዋል። በረሃ ላይ የሚያጥብ ዝናብ የለም። ሌላው ደግሞ ከቦዩና ከማሳው የሰረገው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ ያነሳዋል። አንድ ሁለት ሜትር ላይ ሲደርስ፣ ጋዝ በላምባ ክር እንደሚወጣ፣ ጨውን ይዞ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ማጠንፈፊያ ቦይ ነው። ከማሳው ጋር አብሮ የሚሠራ፣ ከሥሩ ጠልቆ የሚያልፍ፣ ትርፉን ውሃ ከነጨው የሚያስወጣ። ግብፆች ከአስዋን ግድብ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር ፈዳን መሬት ሥር ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ቀብረዋል። ይህ ሥራ ገንዘብ ይበላል። ሲመረቅ ሪባን የሚቆረጥለት ደግሞ ዋናው ቦይ ነው። ማጠንፈፊያው በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል ይባልና ሁለተኛው ምዕራፍ ሳይመጣ ጨው ይመጣል። መሐንዲሱ ይህን በሥራው ዘመን ደጋግሞ እንዳየው ጻፈ።

15ኛው መልስ አጭር ምስጋና ነበር። 16ኛው ሳዑዲ የሚኖር ሾፌር ነው። እዚያም በ1980ዎቹ ከከርሰ ምድር ውሃ እየሳቡ ስንዴ እስከ ውጭ ድረስ ይሸጡ እንደነበር፣ ውሃው ሲሟጠጥ ግን መንግሥት በ2008 ቀስ በቀስ ለማቆም መወሰኑን ነገረን። 17ኛው ካናል እንጂ ጉድጓድ አይደለም የተጠየቀው ብሎ ገሠጸው። 18ኛው ሁላችንም የኪቦርድ ገበሬ መሆናችንን ጻፈና ወጣ። ማንም አልመለሰለትም።

ከ19 እስከ 21

19ኛው አፋር ወንድማችን ነው። የጻፈው በቀጥታ ለእኔ ነበር፤ ለስላሳም አልነበረም። ባዶ መሬት ያልኩት እናቱ ከብት ይዘው በበጋ የሚወርዱበት ቦታ መሆኑን ነገረኝ። ዝናብ ሲኖር ሜዳው ላይ ይበተናሉ። ሲደርቅ ግን አዋሽ ዳር ያለው ሣር ነው ነፍስ የሚያቆየው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥና ለሸንኮራ የተወሰደው ያ ሣር ነበር፤ ሌላው ሜዳ አይደለም። ከዚያ በ1973 ድርቁ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት አጣ። አንድ ሺህ ሄክታር ከወንዙ ዳር ሲቆረጥ ከኋላው ያለው ብዙ ሺህ ሄክታር ግጦሽ አብሮ ይሞታል። በጋውን የሚያሻግረው ስለሌለ ነው።

የፕሮሶፒስንም ነገር እሱ ነው ያነሳው። አፋሮች የደርግ ዛፍ የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠሩታል። በረሃን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ነፋስ ይከላከላል ተብሎ ተተከለ። ዛሬ ግጦሹን ወርሶ እሾሁ ከብትና ሰው ይወጋል። የተተወው የጥጥ ማሳ ላይም ዛሬ የቆመው እሱ ነው።

20ኛው መልስ የእኔ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። ባዶ ያልኩት ሳላየው መሆኑን ጻፍኩ። ስለ እውነት ለመናገር እጄ ከብዶኝ ነበር። በ21ኛው መልስ ይቅርታዬን ተቀበለ። መስኖን እንደማይጠላም ጨመረ። እሱ ራሱ ሁለት ሄክታር በቆሎ ያጠጣል። የሚለው፣ ቦዩ የት እንደሚያልፍ ሲወሰን ከብት ያለው ሰው ይጠየቅ ነው። ከብቱ ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድ አብሮ ይቀረጽ።

ከ22 እስከ 28

ከዚህ በኋላ ክሩ ረጋ አለ። 22ኛው ሰው ሕንድ የተማረ ነው። ራጃስታን ውስጥ ስላለው የኢንዲራ ጋንዲ ካናል ጻፈ። በ1958 ተጀመረ። ከፑንጃብ ተነስቶ ወደ ታር በረሃ ይገባል። ከነመጋቢ ቦዩ 649 ኪሎ ሜትር ነው። ይሄኛው ተለብጧል። ስንዴ፣ ጥጥና ሰናፍጭ በረሃ ላይ በቅለዋል፤ ብዙ ሰው ሰፍሮበታል። ሆኖም በሰሜኑ ክፍል ከመሬቱ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ ንጣፍ ነበርና ውሃው ተጠራቀመ። እርሻ ሐይቅ ሆነ። ወባም መጣ። እነሱም በቦዩ ዳር ባህር ዛፍ ተከሉ። ውሃ ይመጥጣል ብለን የምንወቅሰውን ዛፍ ለዚያው ጠባዩ ብለው ነው የተከሉት። ይህ በጣም ገረመኝ።

23ኛዋ በገጠር ያደገች ናት። በመንደሯ ባለች ትንሽ መስኖ ላይ የውሃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ተራ እንደሚያወጡ፣ ማንም ከተራው በላይ አንድ ሰዓት እንደማይወስድ ተናገረች። 24ኛው ያ ለ20 አባወራ እንጂ ለግማሽ ሚሊዮን ሄክታር አይሠራም ብሎ ተከራከረ። እሷም በ25ኛው፣ ትልቁ ካናል ራሱ ጫፉ ላይ የ20 አባወራ ቦይ መሆኑን አስታወሰችው። በዚህ እሷ ትክክል ትመስለኛለች።

26ኛው መልስ የበሰቃ ሐይቅን አመጣ። መተሐራ አጠገብ ነው። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ስለ ምክንያቱ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዙሪያው ካለው መስኖ የሚተርፈው ውሃ ግን ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ውሃው ጨዋማ ነው፤ አስፋልቱንና ሐዲዱን አስቸግሯል። 27ኛውና 28ኛው በዚያ መንገድ ሲያልፉ ያዩትን ተጨዋወቱ።

ከ29 እስከ 34

29ኛው መልስ ላይ ጋሼ ተመለሱና አንድ የማላውቀውን ነገር ነገሩን። ቱርክመኖች ከማሳቸው የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ በትልልቅ ቦዮች ሰብስበው በካራኩም በረሃ መሀል ወዳለ ጎድጓዳ ቦታ መላክ ጀምረዋል። አልቲን አሲር ይሉታል፤ ወርቃማው ዘመን ማለት ነው። በ2009 ተመርቋል። ውሃ ለማስገባት አንድ ካናል፣ ለማስወጣት ሌላ ካናል ማለት ነው። ቆሽ ቴፓ ከማሳው የሚወጣውን ውሃ የት እንደሚጥል ከመጀመሪያው ካልታሰበበት ልጆቻቸው ይከፍሉበታል የሚል ስጋታቸውን ጻፉ።

30ኛው ሰው የተበሳጨ ነው። ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ የረሃብን ነገር ማን አነሳ ሲል ጠየቀ። ልጁ የራበው አባት ጨው ከ15 ዓመት በኋላ ይመጣል ብሎ አይቀመጥም። ይህን መልስ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። እኔም መጀመሪያ የጻፍኩት በዚሁ ስሜት ነበር። አሁንም ካናሉ ይቅር አልልም። አፍጋኖቹም የመቆፈር መብት አላቸው። ግን በጀቱ ሲያዝ የማጠንፈፊያው ገንዘብ ከመጀመሪያው ብር ጋር አብሮ ይያዝ እላለሁ፤ ለእነሱም ለእኛም።

በ31ኛው መልስ የወረሯን እህታችንን፣ የአባቷ ማሳ ላይ ዛሬ ምን እንዳለ ጠየቅኋት። በ32ኛው መለሰችልኝ። ሁለት ወንድማማቾች የማሳውን አንድ ጥግ ፕሮሶፒሱን ነቅለው ወስደዋል። በእጃቸው ጠለቅ ያለ ቦይ ቆፍረው እስከ አዋሽ አደረሱት። ከዚያ ማሳውን ደጋግመው በውሃ አጠቡት። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ከቦዩ አጠገብ ያለው ጥጥ ወገብ ደርሷል። ራቅ ያለው አሁንም ነጭ ነው። ፎቶውንም ለጥፋዋለች።

33ኛው ሰው አሳይታ ነው የሚኖረው። ከወረር በታች፣ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ ከማለቁ በፊት ካሉት የመጨረሻ እርሻዎች በአንዱ። ወንድማማቾቹን ስለ ጥረታቸው አደነቀ። ከዚያ ያ የታጠበው ጨው ወደ እሱ እንደሚወርድ ጻፈ። የሚያጠጣውም፣ ልጆቹ የሚጠጡትም ከዚያው ወንዝ ነው።

34ኛው የእህታችን መልስ ነው። ይህን እንዳላሰበችበት ነገረችው። ከማሳው በስተምሥራቅ አንድ ደረቅ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ የወንድማማቾቹ ቦይ ወደዚያ መዞር ይችል እንደሆነ መሐንዲሱን ጠይቃለች። እሱም የቦታውን ከፍታ እንድትልክለት ጠይቋታል። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከወንድማማቾቹ ጋር ሄዳ ልትለካው ነው።